በአንድ የገጠር አንግሊካን አጥቢያ የተፈረመ የደህንነት ስምምነት፦ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በልጅ ላይ የወሲብ ወንጀል ፈጽሞ የታሰረና ቅጣቱን የጨረሰ ሰው በእንግሊዝ ገጠር ወዳለች አንዲት ትንሽ መንደር ገባ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ፈለገ። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ልጆች አሉበት። ሁለቱን ነገር እንዴት አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል አጥቢያው ከዓመታት ሙከራ በኋላ ነው የተማረው፤ ያውም ግማሽ በግማሽ። ለዚህ የተጻፈው የደህንነት ስምምነት ሰውየው የት፣ መቼና ከማን ጋር ሆኖ እንደሚያመልክ የሚወስን ወረቀት ነው።

እኔ ጉዳዩን የማውቀው አምልኮ ላይ ከሰውየው ጋር እንዲቀመጡ ከተመደቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ ነው። ሰዎቹን በስም አልጠራም። የመንደሯንም የሀገረ ስብከቱንም ስም አልጽፍም። ማንም እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአማርኛ የጻፍኩበትም ምክንያት አለኝ። በብሪታንያ ብዙ የአበሻ ጉባኤዎች የሚያመልኩት በተከራዩት የአንግሊካን ሕንፃ ውስጥ ነው። የኪራይ ውሉ ላይ ስለ ሕፃናትና ተጋላጭ ሰዎች ጥበቃ የሚናገር አንቀጽ አለ። አብዛኞቻችን ሳናነበው ፈርመን እናልፋለን።

ዳራ

መንደሯ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤትና አንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አላት። ሕንፃው የመካከለኛው ዘመን ነው። ክረምት ላይ ካፖርት ሳያወልቁ ነው የሚጸለየው። በደህናው እሑድ ሠላሳ ሰው ቢመጣ ነው፤ አብዛኛውም በዕድሜ የገፋ። ቀን ቀን በሩ አይቆለፍም። መንገደኛ ገብቶ አረፍ ይላል፣ የመንደሩ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በመቃብሩ ግቢ አቋርጠው ያልፋሉ።

አንዲት ቄስ አምስት መንደር ያገለግላሉ። (በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም በአንግሊካኗ፣ ሴቶች ቅስና መቀበል የጀመሩት በ1994 ነው።) ስለዚህ አገልግሎቱ በተራ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በ1662ቱ የጸሎት መጽሐፍ ጸጥ ያለ የቁርባን አገልግሎት ይደረጋል። መዝሙር የለም፣ ልጅ አይመጣም። በሁለተኛው እሑድ ረፈድ ብሎ የቤተሰብ አገልግሎት አለ። የቀሩት እሑዶች ለሌሎቹ መንደሮች ናቸው። አምስት እሑድ ያለው ወር ሲመጣ አምስቱም መንደሮች በአንዱ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ። ይህን ተራ እዚህ ላይ በዝርዝር ያነሳሁት በኋላ ችግር ስለፈጠረ ነው።

አስተዳደሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰበካ ጉባኤ አለ። ምእመናን በየዓመቱ የሚመርጧቸው ሁለት ዋርደኖች አሉ፤ ቁልፍ የሚይዙትና በአገልግሎት ሰዓት ሥርዓት የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ አጥቢያ ሕፃናትና ተጋላጭ ሰዎች እንዳይጠቁ የሚከታተል አንድ የደህንነት ኃላፊ ይሾማል። ሥራው በነፃ ነው። የእኛዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ከእሳቸው በላይ በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ደመወዝ የሚከፈለው የደህንነት አማካሪ አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ካሏት 42 ሀገረ ስብከቶች እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሰው አለው።

ይህ ሁሉ መዋቅር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በእንግሊዝና ዌልስ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃትን እንዲመረምር የተቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ በ2020 ስለ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ያወጣው ሪፖርት ከባድ ነበር። ከ1940ዎቹ እስከ 2018 ባለው ጊዜ፣ ቀሳውስትም ሌሎች በቤተ ክርስቲያኒቱ የታመነ ቦታ የነበራቸው ሰዎችም ተደምረው 390 ሰዎች በልጆች ላይ በፈጸሙት የወሲብ ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። በኅዳር 2024 ደግሞ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ የአንድ አጥቂ ጉዳይ በአግባቡ አልተያዘም ተብሎ ሪፖርት በመውጣቱ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሰውየው ወደ መንደራችን የመጣው ይህ ሁሉ በየጋዜጣው በሚወራበት ዘመን ነው።

አንድ የሕግ ነጥብም መታወቅ አለበት። በእንግሊዝ የአጥቢያው ነዋሪ የሆነ ሰው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አምልኮ ላይ የመገኘት መብት አለው። ቄስ ወይም ሰበካ ጉባኤ «አንተ እዚህ አትድረስ» ብሎ መከልከል አይችልም። ፍርድ ቤት ወይም የአመክሮ ቅድመ ሁኔታ ከከለከለው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሰው አመክሮውን ጨርሷል። በፖሊስ የወሲብ ወንጀል ፈጻሚዎች መዝገብ ላይ ግን ስሙ አለ።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

ሰውየው ሲመጣ ስለ ወንጀሉ የሚያውቅ አልነበረም። የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦርጋን ይጫወታል።

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ኑሮን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የቀድሞዋ ተጫዋች በእርጅና ካቆሙ ቆይተዋል። ሰዉ በቴፕ ማጫወቻ እየታገዘ ነበር የሚዘምረው፤ ማሽኑ አንዳንዴ አንድ አንቀጽ ይዘላል፣ ሰዉም ይሳሳቃል። እንዲህ ባለበት ሰዓት ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የሠለጠነ ሰው ገብቶ «ካስፈለገ ልሞክር» አለ። ማን እንቢ ይላል? የሚቀጥለው እሑድ ተቀምጦ ተጫወተ። ከዚያም ቀጠለ። ከዋርደኖቹ አንዱ መለማመጃ ጊዜ እንዲያገኝ ብለው የሕንፃውን ቁልፍ ሰጡት።

የደህንነት ኃላፊዋ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። መመሪያው ግልጽ ነው። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት ከመያዙ በፊት ቅጽ ይሞላል፣ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ሰዎችን ይጠቅሳል፣ ከልጆች ጋር የሚያገናኝ ሥራ ከሆነም ዲቢኤስ የሚባለው የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ ይደረግለታል። ቅጹን አመጡለት። ተቀብሎ አመሰገነ። ሳምንታት አለፉ፤ ቅጹ አልተመለሰም። ሲጠይቁት «ረስቼው» ይላል። ሰዉ ደግሞ ኃላፊዋን መታዘብ ጀመረ። ሥራ ፈትተው ደግ ሰው ያስጨንቃሉ ተባለ።

በመጨረሻ ሰውየው ራሱ የቄሷን በር አንኳኳ። ሊነግራቸው የሚፈልገው ነገር እንዳለ ገለጸ። እዚህ ላይ ቄሷ ያደረጉት ነገር ለቀጣዩ ሥራ ሁሉ መሠረት ሆነ። ገና ሳይጀምር አስቆሙት። «ይህ ኑዛዜ አይደለም። ልጆችን የሚመለከት ነገር ከሆነ ለሀገረ ስብከቱ መንገር ግዴታዬ ነው። ይህን አውቀው ይንገሩኝ» አሉት። በአንግሊካን ሥርዓት በኑዛዜ የተነገረን ኃጢአት ካህን እንዳያወጣ የሚያዝ የ1603 ቀኖና እስከ ዛሬ አለ። ንግግሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በግልጽ ካልተለየ ቄሱም ተናጋሪውም ኋላ መውጫ ያጣሉ። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና ሁሉንም ነገራቸው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መመሪያው በ24 ሰዓት ውስጥ ለሀገረ ስብከቱ አማካሪ ይነገር ይላል። ቄሷ የደወሉት በዚያው ምሽት ነው። አማካሪው ወደ ፖሊስ ደወሉ። ሰውየው የነገራቸው ከመዝገቡ ጋር ይስማማል? ዛሬ ምን ገደብ አለበት? ሲከታተለው የነበረው የፖሊስ ባልደረባ ወደ መንደሩ መግባቱን ያውቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መጫወቱን ግን አያውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተደረገው ቁልፉን መመለስና ኦርጋኑን ማቆም ነው። ቀጥሎ አማካሪው መጥተው ስለ አደጋው መጠን ግምገማ ሠሩ። ከዚያ ስምምነት ተረቀቀ። እንዲህ ዓይነቱ ስምምነት የፍርድ ቤት ሰነድ አይደለም። ሰውየው በፈቃዱ የሚፈርመው፣ አጥቢያውም የሚጠብቀው የጽሑፍ ቃል ነው።

የስምምነቱ ይዘት በአጭሩ ይህ ነበር። የሚመጣው ልጅ በማይመጣበት በማለዳው የቁርባን አገልግሎት ብቻ ነው። ከሁለት የተመደቡ ሰዎች አንዱ ሁልጊዜ አብሮት ይቀመጣል። ዕቃ ቤት፣ የደወሉ ማማና መጸዳጃው አካባቢ ብቻውን አይሄድም። ቁልፍ አይዝም። ምንም ዓይነት አገልግሎት አይሰጥም፤ ንባብም፣ ሙዳየ ምጽዋት ማዞርም፣ ኦርጋንም። ልጆች ባሉበት ቤት የሚደረግ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አይገኝም። ስምምነቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ጉዳዩን የሚያውቁት ቄሷ፣ ሁለቱ ዋርደኖች፣ የደህንነት ኃላፊዋና እኛ ሁለታችን ብቻ ነን።

በዚህች ትንሽ ክብ ውስጥ እንኳ ክርክር ነበር። ከዋርደኖቹ አንዱ ስለ ኦርጋኑ አጥብቀው ተከራከሩ። ኦርጋን ተጫዋች ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሁሉ እያየው ምን ሊያደርግ ይችላል? ደግሞስ ንስሐ ገብቷል፣ ቅጣቱን ጨርሷል። በእኛ በአበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰውም ይህን ክርክር ያውቀዋል፤ እግዚአብሔር ይቅር ካለው ሰው ምን አግብቶት ያስቀራል?

አማካሪው የመለሱት ስለ ይቅርታ አልነበረም። ቦታ አመኔታ ይሰጣል አሉ። እሑድ እሑድ ፊት ቀርቦ የሚያገለግል ሰው በልጅም በወላጅም ዓይን የተፈተሸ ሰው ነው። መንገድ ላይ ልጅ ቢያናግር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቁልፍ ይኖረዋል፤ በሥራ ቀን ለብቻው ክፍት ሕንፃ ውስጥ ይለማመዳል፤ ልጆቹ በዚያ ግቢ ያልፋሉ። ዋርደኑ ከዚህ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። በእኔ አስተያየት የውይይቱ ሁሉ ቁም ነገር ይኸው ነበር። ይቅርታ አንድ ጉዳይ ነው፣ ቁልፍ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰውየው ፈረመ። ኦርጋኑን ማጣቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን አልተከራከረም።

የሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው አብሮ መቀመጡ ነው። መጀመሪያ ላይ ራሴን እንደ ዘበኛ ነበር የማየው። ከጊዜ በኋላ ግን ነገሩ መልክ ያዘ። እሱ ሲገባ የሚቀመጥበት ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ቁርባን ለመቀበል አብረን እንወጣለን፣ አብረን እንመለሳለን። እጁን እጨብጣለሁ። ስለ ወንጀሉ አንድም ቀን አላወራንም፤ ሥራዬም ያ አልነበረም። ሥራዬ መኖር፣ ማየትና ያየሁትን ለኃላፊዋ መንገር ነው። ስምምነቱ ለእሱም የሚሰጠው ነገር ነበረው። አንድ ቀን ሐሰተኛ ክስ ቢነሳበት የት እንደተቀመጠና ማን አጠገቡ እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው አለ።

ሁለተኛው የሠራው ነገር ዝምታን በሥርዓት መያዝ ነው። ኦርጋኑ በድንገት ሲቆም መንደሩ ምክንያት ፈለገ። ቄሷ «የግል ጉዳይ ነው» ከማለት አላለፉም። ብዙ ሰው ቅር አለው። ቆይቶ አንድ ሰው ድሮ የወጣ የጋዜጣ ዜና ኢንተርኔት ላይ አገኘና ነገሩ መጠጥ ቤት ደረሰ። ወላጆች ወደ ቄሷ መጡ። ቄሷ አላረጋገጡም፣ አላስተባበሉምም። ይልቅ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ማንም ወላጅ አንድ ሰው ለልጁ ስጋት መሆን አለመሆኑን ፖሊስን የሚጠይቅበት ሥርዓት ከ2011 ጀምሮ በመላው እንግሊዝና ዌልስ እንዳለ ነገሯቸው፤ እንዴት እንደሚጠየቅም አሳዩ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሰው ቢመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ልጆችን የሚጠብቅባቸውን መንገዶች አስረዱ። ከቤተሰቦቹ የቀሩ አሉ። የቆዩትም አሉ።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስምምነት የተጻፈው አንድ ቤተ ክርስቲያን በዓመቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚያመልክ ይመስል ነበር። የእኛ አምልኮ እንደዚያ አይሄድም። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ አንዱ ሕንፃና ስለ አንዱ ሰዓት ብቻ ነው። አምስተኛው እሑድ ሲደርስ ሰውየው ወደ ጎረቤት መንደር ለጋራው አምልኮ ሄደ። ልጆች ነበሩ። የዚያ መንደር ዋርደኖች ምንም አያውቁም። እኛም አልነበርንም። ሲጠየቅ «ስምምነቱ ስለዚያ አይናገርም» አለ። እውነቱን ነው፣ አይናገርም።

ከዚያ ቀብር መጣ። የሰውየው የቅርብ ጎረቤት ሞቱና ለቀብር መጣ። በገጠር እንግሊዝም ቢሆን ቀብር መቅረት ነውር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በሟቿ የልጅ ልጆች ተሞልቷል። ከእኛ ከሁለታችን አንዱ ጉዞ ላይ፣ ሌላው ሥራ ላይ ነበርን። የደህንነት ኃላፊዋ አይተው አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ፤ ምንም አልሆነም። ግን በዕድል ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ የመከር ምስጋና፣ የገና ዋዜማ፣ የጦር ሙታን መታሰቢያ እሑድ፤ አንዳቸውም ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ግን በእነዚህ ቀናት ነው።

የባሰው ቄሷ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ መጣ። በገጠር አዲስ ቄስ እስኪሾም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በመካከሉ ጡረታ የወጡ ቀሳውስት በተራ እየመጡ ያገለግላሉ። ስምምነቱ በቄሷ ፋይል ውስጥ ነበር። ከእንግዳ ቀሳውስቱ አንዱ ምንም ሳያውቁ ሰውየውን «እርስዎ ኦርጋን ይጫወታሉ አሉኝ፣ እባክዎ ለዛሬ» ብለው ለመኑት። ሰውየው እምቢ አለ። ይህን የነገረን ራሱ ነው። ለእሱ ክብር ይገባዋል፤ ለሥርዓታችን ግን አይደለም። የልጆች ደህንነት በዚያች ቅጽበት የቆመው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነበር፤ ያውም ስምምነቱ በተጻፈበት በራሱ በሰውየው ፈቃድ።

ከሁሉ የከበደኝን አሁን ልጻፍ። በማለዳው አገልግሎት ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት ሴት ነበሩ። መምጣት አቆሙ። ሰዉ አሟቸው ይሆናል አለ። ከወራት በኋላ የደህንነት ኃላፊዋን ሊያነጋግሩ ፈለጉ። በልጅነታቸው በሌላ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሰው ተጠቅተዋል። ለማንም ተናግረው አያውቁም። አዲሱ ሰው ሁልጊዜ ከእነዚያው ሁለት ሰዎች በአንዱ ታጅቦ ሲቀመጥ ሲያዩ ነገሩን ያወቁት በአንድ ጊዜ ነው፤ ማንም መንገር አላስፈለጋቸውም። ወደ ማለዳው አገልግሎት ይመጡ የነበረውም ጸጥ ያለ፣ ማንም የማይነካቸው ቦታ ስለነበር ነው። እኛ ልጅ የሌለበት ሰዓት ስንፈልግ አገኘነው ያልነው ሰዓት የእሳቸው መሸሸጊያ ነበር።

ስምምነቱ ሲረቀቅ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሁሉ ስለ ልጆች አሰብን፣ ስለ ሰውየውም አሰብን። ከምእመናኑ መካከል ራሳቸው የተጠቁ ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ያነሳ ሰው አልነበረም። የትኛውም ጉባኤ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አስቦ መነሳት ይገባል።

እንደገና የተጻፈው ስምምነት

የሀገረ ስብከቱ አማካሪ በአዲስ ሰው ተተክተው ስለነበር ሁሉም ከሥሩ ታየ። አዲሱ ስምምነት ከሰውየው ጋር የሚሄድ ሆነ፤ በአምስቱም መንደር ይሠራል፣ የአምስቱም ዋርደኖች ያውቁታል። የማለዳው አገልግሎት ለሴትየዋ ተመለሰ። ሰውየው በሌላው መንደር በሥራ ቀን ወደሚደረግ አጭር የቁርባን አገልግሎት ተዛወረ። ለቀብርና ለበዓል የተለየ አንቀጽ ተጻፈ፤ አስቀድሞ ይደውላል፣ አብሮት የሚሆን ሰው ከተገኘ ይመጣል፣ ካልተገኘ አይመጣም። አጃቢዎቹ አራት ሆኑ። ሁለት ሰው በገጠር አይበቃም፤ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ልጁን ሊጠይቅ ይሄዳል።

ሰነዱ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ በሀገረ ስብከቱ፣ በደህንነት ኃላፊዋና በቄሱ ዘንድ። ቄስ በሌለበት ጊዜ እንግዳ ቄስ ከመምጣቱ በፊት ከዋርደኖቹ አንዱ ደውሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። «በራስዎ ለማንም የአገልግሎት ሥራ አይስጡ፣ የአገልጋዮቹ ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አለ» የሚል ነው። የማንም ምስጢር አይወጣም።

ሴትየዋን በተመለከተ፣ አማካሪው ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጪ ካለ የምክር አገልግሎት ጋር አገናኟቸው። ለተወሰነ ጊዜ ወደ ማለዳው ተመለሱ። በኋላ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ካቴድራል መሄድ ጀመሩ፤ እዚያ ማንም አያውቃቸውም። የእኛ ጥገና ለእሳቸው ዘግይቶ ነው የመጣው።

ሳይታሰብ የወጣው ነገር

ስምምነቱ እንደገና ሲጻፍ አዲሱ አማካሪ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ከልጆች ጋር የሚሠሩት እነማን ናቸው? ማጣሪያቸውን አሳዩኝ።» የሰንበት ትምህርቱን ለብዙ ዓመታት የያዙት አንድ የተወደዱ ባልና ሚስት ናቸው። ዲቢኤሳቸው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። በየ3 ዓመቱ መታደስ ያለበትን ሥልጠናም አልወሰዱም። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁሉ ሰው ያውቃቸዋላ! ደወል የሚያስተምሩት ሰውዬም እንዲሁ። በደወሉ ማማ ላይ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥቶ በተዘጋ በር ጀርባ፣ ለብቻቸው ሁለት ታዳጊዎችን ያሠለጥኑ ነበር።

በእነዚህ ሰዎች ላይ አንዳችም ጥርጣሬ የለም። ቅጾቻቸውን ሞሉ፣ ሥልጠናውን ወሰዱ፣ ማማው ላይም ሁለተኛ አዋቂ ሰው መገኘት ጀመረ። ግን አስቡት። አጥቢያው ዓይኑን ሁሉ በአንድ መጤ ላይ ጥሎ ሳለ ሌሎቹ በሮች ክፍት ነበሩ። ያ የ2020 ሪፖርት የቆጠራቸው 390 ሰዎች መንደር ውስጥ በድንገት የገቡ እንግዶች አይደሉም። ቀሳውስት፣ አገልጋዮች፣ የታመኑ ሰዎች ናቸው። መጤው ፋይል አለው፣ ፖሊስ ያውቀዋል፣ አጠገቡ ሰው ይቀመጣል። ሰዉ የሚያውቀው ሰው ግን ምንም የለውም።

ዲቢኤስም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። የሚያሳየው ተይዞ የተመዘገበን ሰው ነው። ደግሞ ለሥራ ነው የሚጠየቀው፤ መጥቶ ለሚያመልክ ሰው አይጠየቅም። ስለዚህ ከወረቀቱ በላይ የሚሠራው ማማው ላይ ያለው ሁለተኛው ሰው ነው።

ለሌላ ጉባኤ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ስምምነት ሲጻፍ የአምልኮውን የዓመት መርሐ ግብር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ቢሆን ጥምቀት፣ ሌሊቱን የሚያድር ማኅሌት፣ ሰርግ፣ ተዝካር፣ የጽዋ ማኅበር፣ የንግሥ በዓል አለ። ልጆች ሌሊት ጥግ ላይ ተኝተው እናቶች ጸሎት ላይ ናቸው። እሑድ ጠዋትን ብቻ የሚያስብ ወረቀት ይህን ሁሉ ያልፈዋል።

የሰው እጥረት በራሱ አደጋ ነው። ኦርጋን ተጫዋች ባይጠፋ ኖሮ ቁልፉ ያለ ቅጽ አይሰጥም ነበር። ከበሮ የሚመታ፣ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክል፣ ልጆችን አማርኛ የሚያስተምር ሰው ብርቅ በሆነበት የስደት ጉባኤም «ይምጣልን እንጂ» ማለት ቀላል ነው። ቅጹ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይሞላ። ከዚያ በኋላ ቅጽ ማምጣት የተወደደን ሰው መጠርጠር ይመስላል፤ ጠያቂውም ክፉ ሰው ይባላል፣ የእኛዋ መምህርት እንደተባሉት።

ሕንፃ ለሚከራዩ ጉባኤዎች ደግሞ፦ ውሉ ላይ ያለው አንቀጽ የራሳችሁ የጥበቃ ፖሊሲ እንዲኖር፣ ከሌለም የአጥቢያውን እንድትቀበሉ ይጠይቃል። የአከራዩን አጥቢያ የደህንነት ኃላፊ ፈልጋችሁ ስልካቸውን ያዙ። በእናንተ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ሌላ ማን ቁልፍ እንዳለው ጠይቁ። ልጆቻችሁ የሚማሩበት ክፍል በሩ መስታወት አለው? መጸዳጃው የት ነው? ማን ይወስዳቸዋል? የንስሐ አባቶችም ልጅ ተጎድቶ ከሰሙ ለማን እንደሚደውሉ አስቀድመው ይወቁ። ጉዳዩ በሽማግሌ የሚያልቅ አይደለም። ልጅ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ የሚደወለው 999 ነው።

ሰውየው ዛሬም በሥራ ቀን ወደዚያ አጭር አገልግሎት ይመጣል። ባለፈው ግምገማ ኦርጋን እንዲጫወት ጠይቆ አልተፈቀደለትም። መንደሩ አሁንም ኦርጋን ተጫዋች የለውም፤ የቴፕ ማጫወቻው ተቀይሯል። እኔ ከተማ ስለገባሁ ከአጃቢነት ወጥቻለሁ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተተክቷል፣ ሥልጠናውንም ሳይጀምር ወስዷል።